ወናፍና ሞኝነት

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» እያሉ አባቶቻችን ቃል አንድ ጊዜ ካመለጠ ወደ ኋላ እንደማይመለስ ደጋግመው ነግረውናል። ዳሩ ግን ያ ቃል ወደ አፋችን ከመድረሱ በፊት ከወዴት እንደ ተነሣ፣ በስንት ሰው አፍ እንዳለፈ፣ በየመንገዱም ምን እንደ ጣለና ምን እንደ ለበሰ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ከማይጠይቁት ወገን ነበርን። ብዙ ዓመት በማስተማር ሥራ ስንኖር የቃልን ትርጉም ለሌላው መንገር እንጂ የቃልን ትውልድ መመርመር የእኛ ግዳጅ አይመስለንም ነበር። ይህን አስተሳሰባችንን የለወጠችው አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ናት። ዛሬ ለአንባቢ የምናቀርበው የዚያችን ቃል ታሪክ ነው፤ ከታሪኳም ጋር የራሳችን ጥፋት ተያይዞ ስለሚገኝ አንዱን ትተን ሌላውን መናገር አልሆነልንም።

ጊዜው በከምባታ ምድር እንግሊዝኛ በምናስተምርበት ዘመን ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኛ ነውና። በክፍላችን ከኋላ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረ። በዕረፍት ሰዓት በግቢው ዛፍ ሥር ጓደኞቹን ሰብስቦ በከምባትኛ ተረት ሲያወራ ዙሪያው በሳቅ ይፈርስ ነበር። ደወል ተደውሎ ወደ ክፍል ሲገባ ግን ያ አንደበት ይታሰራል። አንድ ቀን ጥያቄ ጠየቅነውና ተነሥቶ ቆመ። በእንግሊዝኛ ደገምንለት፤ ዝም አለ። በአማርኛ ተረጐምንለት፤ ወለሉን ተመለከተ። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ደመወዝም ዘግይቶ ነበር፤ ይህ ሁሉ ግን ምክንያት ሊሆነን አይችልም። በትዕግሥት ፋንታ ቁጣ ቀደመንና አንዲት ቃል ጣልንበት። በእንግሊዝኛ «ፉል» አልነው፤ ሞኝ ማለታችን ነበር። ከፊት የተቀመጡት ሁለት ሦስት ተማሪዎች ሳቁ። ልጁ ግን አልተከፋም፤ እንዲያውም ፊቱ ፈካ ብሎ ተቀመጠና ደብተሩን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ።

ተማሪዎቻችን አዲስ ቃል በሰሙ ጊዜ የደብተራቸውን ገጽ በሦስት ዓምድ ከፍለው በመጀመሪያው ቃሉን፣ በሁለተኛው ትርጉሙን፣ በሦስተኛው ደግሞ በቃሉ የሠሩትን ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ አስለምደናቸው ነበር። ልጁም ሥርዓቱን ጠብቆ ነበር። በማግሥቱ ከክፍል ስንወጣ ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ ተከተለንና፣

«መምህር፣ ትናንት ‹ፉል› ያሉኝ ‹ሙሉ› ማለትዎ መስሎኝ ነበር። ጓደኞቼ ግን ሌላ ነው አሉኝ። የትኛውን ልጻፍ?» ሲል ጠየቀን።

እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። በዚያ ቋንቋ አጻጻፋቸው የሚለያይ፣ ድምፃቸው ግን ለባዕድ ጆሮ እጅግ የሚቀራረብ ሁለት ቃላት አሉ፤ በእኛ ፊደል ሁለቱም «ፉል» ተብለው ይጻፋሉ። የአንዱ ፍቺ ሙሉ፣ የሌላው ሞኝ ነው። ልጁ ሙሉ ተብዬአለሁ ብሎ፣ ዝምታዬን መምህሩ በበጎ ተረጐሙልኝ ብሎ ደስ ብሎት አድሮ ነበር። በዚያች ሰዓት «አዎን፣ ሙሉ ማለታችን ነው» ብንለው ነገሩ ባለቀ ነበር። ውሸቲቱም በምላሳችን ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። እንዳንዋሽ ኅሊናችን ከለከለን፤ እውነቱንም እንዳንናገር ድፍረት አነሰን። በሌላ ቀን አስፋፍተን እንደምንነግረው ገልጸን አሰናበትነው።

ወደ ቤታችን ስንሄድ የመጣንበት አገር ቃልን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ ትዝ አለን። በከምባታ ሴቶች ዘንድ ከጥንት የቆየ ባሊሻ የሚባል ሥርዓት አለ። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ስሙን ብቻም ሳይሆን ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩትን ሌሎች ቃላት ሁሉ ትታ በምትካቸው ሌላ ቃል ትናገራለች። ለአማርኛ ተናጋሪ በምሳሌ ብንገልጸው፣ አማቷ ማሞ ቢባል ማርን ማር፣ ማታን ማታ አትልም እንደ ማለት ነው። ልማዱ ዛሬ እንደ ቀድሞው ጠብቆ ባይያዝም፣ አያቶችና እናቶች ለሰው ክብር ሲሉ ስንቱን ቃል ከአፋቸው በሚመልሱበት አገር እኛ አንዲቱን ቃል መመለስ እንዳቃተን ስናስብ አፈርን።

በዚያ ሌሊት ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገልጠን ተቀመጥን። የቃሊቱን ትርጉም የምናውቅ ስለ መሰለን ከዚህ በፊት በእርሷ ገጽ ላይ ዓይናችን ዐርፎ አያውቅም። እንደምናነበውም «ፉል» በትውልዷ እንግሊዛዊት አይደለችም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1066 ዓ.ም. ኖርማኖች ባሕር ተሻግረው እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የዳኝነቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ እጅግ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ገቡ። ይህችም ቃል «ፎል» ከሚለው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ መጥታ በ13ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ትገኛለች። ፈረንሳይኛው ደግሞ «ፎሊስ» ከሚለው የላቲን ቃል የወረደ ነው። ይህን ካነበብን በኋላ የፎሊስን ፍቺ ስንፈልግ ያልጠበቅነውን ነገር አገኘን። ፎሊስ ወናፍ ነው፤ አንጥረኛ ከሰሉን የሚያናፋበት የቆዳ ከረጢት።

ሮማውያን በኋለኛው ዘመናቸው ብዙ የሚያወራና ከንግግሩ ነፋስ በቀር የማይወጣውን ሰው ወናፍ ብለው መስደብ ጀመሩ። ስድቡ ከዕቃው ተለይቶ ለብቻው ሄደ፤ ዕቃው ተረሳና ስድቡ ቀረ። በእኛ ቋንቋ «ተነፋ» የሚባለው የኮራ ሰው ነው፤ በእነርሱ ቋንቋ ግን የተነፋው ሰው ሞኝ ተባለ። ከዚህም በኋላ ቃሊቱ በእንግሊዝ አገር ሹመት እስከ ማግኘት ደረሰች። በነገሥታቱ አዳራሽ እያሳቀ የሚኖረው ባለሟል በዚሁ ስም ይጠራ ነበርና። ሼክስፒር በንጉሥ ሊር ድርሰቱ ውስጥ መኳንንቱ የፈሩትን እውነት ለንጉሡ እንዲነግር ያደረገው ይህንኑ «ፉል» የተባለውን ሰው ነው። እኛም በቀልዳቸው ሽፋን የታላላቆችን ጥፋት ይነቅሱ የነበሩትን አለቃ ገብረ ሐናን ስለምናውቅ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንብንም። ሞኝ ተብሎ የተጠራው ሁሉ ሞኝ እንዳልነበረ ታሪክ ብዙ ጊዜ መስክሯል።

መዝገበ ቃላቱን አንድ ጊዜ ከገለጥን በኋላ መዝጋት አልቻልንምና የዚህችን ቃል ዘመዶች ተራ በተራ ጎበኘናቸው። መጀመሪያ «ኢዲየት» የምትለውን አየን። ይህች ከግሪክ የመጣች ናት፤ በግሪኮችም ዘንድ «ኢዲዮቴስ» ማለት በሕዝብ ሥራ ላይ ያልተሾመ፣ የራሱን ኑሮ የሚኖር ተራ ሰው ማለት ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትገኙ አንባቢዎቻችን ይህን ስታነቡ ፈገግ እንደምትሉ እናውቃለን። ዳሩ ግን በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 4 የግሪኩ መጽሐፍ ሐዋርያት ጴጥሮስንና ዮሐንስን በዚሁ ቃል እንደሚጠራቸው ስናስታውስ ፈገግታው ይቀራል። ሸንጎው ያልተማሩ ተራ ሰዎች ናቸው ብሎ የናቃቸው እነዚያ ሰዎች ዓለምን አስተማሩ።

ቀጥሎ «ሲሊ» የምትለውን አገኘን። ይህች በጥንት እንግሊዝኛ የተባረከ፣ ደስተኛ ማለት ነበረች። ከብፁዕ ወደ የዋህ፣ ከየዋህ ወደ ምስኪን፣ ከምስኪን ወደ ደካማ፣ በመጨረሻም በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ ቂል ወረደች። በጀርመንኛ የምትገኘው እኅቷ ግን ዛሬም ብፁዕ ማለት ናት። ወደ ራሳችን ቋንቋ ብንመለስም ያንኑ መንገድ እናገኘዋለን። በቅዱስ መጽሐፍ የዋህ የተመሰገነ ሰው ነው፤ በዛሬው ጨዋታችን ግን «የዋህ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ በቀላሉ የሚታለል ነው ማለታችን ነው። በግእዙ የዳዊት መዝሙር አብድ የተባለው ማስተዋል የጎደለው ሰው ነው፤ በአማርኛ እብድ አእምሮው የታወከ ሰው ሆነ። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በመጽሐፈ ምሳሌ ሰነፍ የሚባለው ጥበብን የሚንቅ ሰው ነው፤ ሥራ የሚጠላው ደግሞ ታካች ይባላል። በየትምህርት ቤታችን ግን ፈተና የወደቀውን ልጅ ሁሉ ሰነፍ ብለን እንጠራለን፤ ጥበብን ይናቅ አይናቅ ሳንመረምር።

ለመምህራን ከሁሉ ይልቅ የምታስደንቀው «ዳንስ» ተብላ የምትነበበው ቃል ናት፤ ትምህርት የማይገባው ተማሪ መጠሪያ ናት። የተወለደችው ከታላቅ መምህር ስም ነው። ዮሐንስ ደንስ ስኮተስ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ በመካከለኛው ዘመን ከነበሩት የመጠቁ ፈላስፎች አንዱ ሲሆን፣ ከነገሩ ጥልቀት የተነሣ ረቂቁ መምህር ይባል ነበር። በፈረንጆች 1308 ዓ.ም. በኮሎኝ ከተማ ዐረፈ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አዲሱን ትምህርት የያዙ ሊቃውንት ተነሥተው በአሮጌው የጸኑትን ተከታዮቹን በመምህራቸው ስም ያላግጡባቸው ጀመር። ስለዚህ ሊቅነቱ ተረስቶ ስሙ የደንቆሮ ስም ሆነ። በክፍል ውስጥ ይህን ቃል የሚናገር መምህር ከእርሱ እጅግ የበለጠ መምህር ስም እየጠራ መሆኑን አያውቅም።

እስከዚህ ድረስ ያነበብነው ሁሉ የሩቅ ዘመን ነገር ነውና በግርምት አለፍነው። የመጨረሻዋ ቃል ግን እንቅልፍ ነሣችን። «ሞሮን» የምትለውን ቃል ሰው በየመንገዱ ቀስ በቀስ አልፈጠራትም፤ ሄንሪ ጎዳርድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በፈረንጆች 1910 ዓ.ም. ሞኝ ከሚለው የግሪክ ቃል አውጥቶ ራሱ ሠራት። አእምሮአቸው ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አእምሮ ያህል ነው ብሎ ለመደባቸው ሰዎች መጠሪያ የሳይንስ ስም እንድትሆን ነበር። ይኸው ሊቅ በ1913 ረዳቶቹን በኒውዮርክ ወደብ ወደምትገኘው ወደ ኤሊስ ደሴት ላከ። በዚያም ከሩሲያ፣ ከሀንጋሪ፣ ከጣሊያን የመጡ ስደተኞችን፣ አይሁዶችንም ጭምር፣ በአስተርጓሚ እየጠየቁ አእምሮአቸውን መዘኑ። ውጤቱ በ1917 በታተመ ጊዜ ከየወገኑ ከተመረመሩት መካከል ከዐሥሩ ስምንት ያህሉ የአእምሮ ድኩማን ናቸው የሚል ሆነ።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚያን ሰዎች በዓይነ ኅሊናህ ተመልከታቸው። በሦስተኛ ማዕረግ ብዙ ቀን በባሕር ተንገላተዋል፤ ብዙዎቹ እርሳስ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ የደንብ ልብስ በለበሱ ሹማምንት መካከል ቆመው በአስተርጓሚ ይጠየቃሉ። ቢፈሩ፣ ዝም ቢሉ ምን ያስደንቃል? ዝምታቸው ግን በመዝገብ ላይ ሞኝነት ተብሎ ተጻፈ። ጎዳርድ ራሱ በ1928 ከቀድሞ አስተያየቱ ብዙውን ትቶ፣ ሞሮን ያላቸው ሰዎች ሊማሩና ራሳቸውን ሊችሉ እንደሚችሉ አምኗል። ቃሊቱ ግን በዚያ ጊዜ ከላቦራቶሪ ወጥታ በየጎዳናው ስድብ ሆና ነበርና ሊመልሳት አልቻለም።

ይህን ስናነብ በኤሊስ ደሴት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ወለሉን የሚመለከት አንድ ልጅ ታየን። ተማሪያችን ነበር። ያ ልጅ በቤቱ ከምባትኛ ይናገራል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የመጀመሪያውን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጀምሯል፤ ቋንቋውንም በላቲን ፊደል ይጽፋል። በዚያ አጻጻፍ እንግሊዞች «ኤክስ» የሚሏት ፊደል «ጥ» ናት። እርሱ አንዷን ምልክት በአንድ ክፍለ ጊዜ «ጥ»፣ በሚቀጥለው «ክስ» እያለ ሊያነብ፣ በሦስተኛው ደግሞ ፊደሉን ጨርሶ ለውጦ በግእዝ ፊደል ሊጽፍ ይገደዳል። እኛ ግን በከምባትኛ ከሰላምታ የማያልፍ ነገር አናውቅም ነበር። ከሁለታችን ብዙ ቋንቋ የሚያውቀውና ብዙ ሥራ የሚሠራው እርሱ ሆኖ ሳለ ሞኝ የተባለውም እርሱ ሆነ።

በሳምንቱ የገበያ ቀን ወደ አዲሎ ሄድን። ሰበቡ ቢላዋ ማስሳል ነበር፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ወናፍ ለማየት ነው። ወናፍ ምን እንደ ሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ ሆኖም አስተውለን ያየንበት ቀን አልነበረም። የአዲሎ ገበያ ብዙ ቋንቋ የሚገናኝበት ገበያ ነው። ከምባትኛው፣ ሀላብኛው፣ ሀዲይኛው፣ ወላይትኛውና አማርኛው ተደባልቆ ይሰማል። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ ቅቤ፣ ዝንጅብል፣ በርበሬ ይዘው ከተሰለፉት ሻጮች አልፈን አንጥረኞቹ ወደሚቀመጡበት ወደ ገበያው ዳር ደረስን። አንድ ሽማግሌ ማረሻ በጉጠት ይዘው በመስፍ ላይ ይቀጠቅጣሉ፤ አንድ ወጣት ደግሞ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ በሁለት እጁ ይዞ አንዱን ሲያነሣ ሌላውን እየተጫነ ያናፋል።

ሽማግሌው አማርኛ አያውቁም፤ እኛም ከምባትኛ አናውቅም። ስለዚህ ወጣቱ ሥራውን ሳያቋርጥ ያስተረጉመን ጀመር። ወናፉን ለመሞከር እንድንፈቀድ ለመንን። ሽማግሌው ደንገጥ ብለው አዩንና ቦታ እንዲለቅልን ልጁን አዘዙት። ተቀመጥንና ያን ከረጢት ያዝነው። ነገሩ ሲያዩት እጅግ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሲያነሡት አፉን ካልከፈቱለት አየር አይገባውም፣ ሲጫኑት አፉን ካልዘጉት አየሩ ወደ እሳቱ አይሄድም፤ ያውም የሁለቱ እጅ ሥራ ተቃራኒ ነው። እኛ ሊዘጋ ሲገባው ከፈትን፣ ሊከፈት ሲገባው ዘጋን። ቆዳው እንደ ደከመ ሰው ተልፈሰፈሰ፣ ፍሙ ጠቆረ፣ አመዱ ብን ብሎ ልብሳችንን አለበሰው። በዙሪያችን የቆሙት ገበያተኞች ሳቁ። ሽማግሌው በከምባትኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሳቁም ጸጥ አለ።

ምን እንዳሉ ወጣቱን ጠየቅነው። እንደ ማፈር አለ። እኛ ግን የሚሰድቡንን ለመስማት ተዘጋጅተን ነበር፤ ተገቢ ዋጋችን ነውና። በመጨረሻም፣

«‹አትሳቁባቸው፤ እጃቸው ገና አልተማረም› ነው ያሉት፣ መምህር» አለን።

ያ አነጋገር ሰው ሲያጠፋ ሁሉ የሚባል ተራ ነገር ይሆናል፤ ለእኛ ግን እንደዚያ አልሆነልንም። እነሆ በማናውቀው ቋንቋ መካከል፣ በማናውቀው ሥራ ላይ ተቀምጠን፣ ሰው ሁሉ እያየን ወድቀናል። ተማሪያችን በፊታችን በቆመ ጊዜ የነበረበት ስፍራ ይኸው ነበር። እኛ እርሱን ፉል አልነው፤ ፊደል ያልቆጠሩት ሽማግሌ ግን እኛን «ገና» አሉን። ሞኝ የሚለው ቃል ሰውየውን ባለበት ይተክለዋል፤ ገና የሚለው ቃል ወደ ፊት መንገድ ይተውለታል። ሽማግሌው ቀጥለውም ወናፉን አንሥተው፣ ወናፍ በራሱ ሙሉም ባዶም እንዳልሆነ፣ የሚሞላውና የሚያጎድለው የያዘው እጅ እንደ ሆነ፣ እሳት ቢጠፋም ወናፉ እንደማይከሰስ በልጁ አንደበት አስረዱን። የነገሩን ስለ ወናፍ ብቻ ነበር፤ የተማሪያችንን ነገር አላነሣንባቸውም።

እኒህ ሰው በአገራችን በምን ስም ይጠሩ እንደ ነበር ማስታወስ ደግሞ ግዴታችን ነው። በግእዝ ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ባለ ጥበብ ማለት ነው። ብረት የሚያቀልጠውና የሚሠራው ሰው በዚህ በተከበረ ስም ተጠራ። ስሙ በአማርኛ አፍ ጠይብ ሆነ፤ ጠይብም ቡዳ ነው እየተባለ የሚሸሽ፣ ማዕድና ጋብቻ የሚከለከል ሰው መጠሪያ ሆነ። በከምባታና በሀዲያም የእጅ ባለሙያዎች ይህን የመሰለ መገለል ለብዙ ትውልድ ተሸክመዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር፤ ቃል ግን በዐዋጅ ብቻ ከአፍ አይወጣምና ስድቡ ከዐዋጁ በኋላም ኖረ። እንግዲህ የሁለቱን ቋንቋ ነገር አንድ ላይ ብናየው፣ ሮማውያንና ከእነርሱ የተቀበሉት ሕዝቦች የአንጥረኛውን ዕቃ ወስደው የሞኝ ስም አደረጉት፤ እኛም የዐዋቂን ስም ወስደን አንጥረኛውን ሰደብንበት። በሁለቱም በኩል ከዚህ ሰው ቤት አንድ ነገር ተወስዷል፤ እርሱ ግን ማረሻውንና ማጭዱን እየሠራ ለሰዳቢዎቹ እንጀራ ምክንያት ሆኖ ኖሯል።

በማግሥቱ ክፍል ገብተን ለተማሪዎቻችን ሁሉን ነገርናቸው። «ፉል» ያልነው ሙሉ ማለታችን እንዳልነበረ፣ በቁጣ ሞኝ ማለታችን እንደ ሆነ፣ ይህንንም ስንናገር እንዳጠፋን በልጁና በጓደኞቹ ፊት ተናገርን። ይቅርታም ጠየቅነው። ልጁ አቀርቅሮ ሰማን፤ የፊቱን መጥቆር አየን። ሙሉ ነህ ተብዬአለሁ ብሎ ያገኛትን ትንሽ ደስታ በገዛ እጃችን መልሰን እንደ ወሰድንበት ተሰማን። እውነት መናገር ዋጋው ለተናጋሪው ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተረዳን። ከዚያም የቃሊቱን ትውልድ፣ የላቲኑን ፎሊስና የአዲሎውን ወናፍ፣ በገበያ የደረሰብንንም ውርደት ጨምረን ስናወራ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። የአመዱን ነገር ስንደርስ እርሱም ሳቀ። ስለ ወናፉ አነፋፍ የተናገርነውንም ትክክል አይደለም ብሎ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ የትኛው እጅ በየትኛው ጊዜ እንደሚከፈት በምልክት አሳየን። የሚያስረዳው ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በከምባትኛ ነበር፤ የጎደለውን ጓደኞቹ ይሞሉለት ነበር። ያን ያህል ረጅም ንግግር በክፍላችን ውስጥ ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሮቹን ለማረም ስንሰበስብ የእርሱን ከሌሎቹ ቀድመን ገለጥነው። በመጀመሪያው ዓምድ ቃሊቱ በትክክለኛ አጻጻፏ ተጽፋለች። በሁለተኛው ዓምድ ትርጉሟ «ወናፍ» ይላል። በሦስተኛው ዓምድ በእንግሊዝኛ የሠራው ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ «ያለ ፉል አንጥረኛ ማረሻ መሥራት አይችልም» የሚል ነበር። በዛሬው እንግሊዝኛ ይህ ስሕተት ነው፤ ቃሊቱ ወናፍ መሆኗን ከተወች ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗታልና። ፈታኝ ቢያየው በቀይ ይሰርዘዋል፤ የእኛም ሥራ መሰረዝ ነበር። ቀዩን ብዕር ይዘን ብዙ ቆየን። በመጨረሻም በአጠገቡ የዛሬውን ትርጉሟን በሰማያዊ ቀለም ጨምረን ጻፍንለትና እርሱ የጻፈውን እንዳለ ተውነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ይህ ምሳሌ ለማን እንደ ተነገረ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስበናል። በክፍል መዝገብም ሆነ በቢሮ ፋይል ውስጥ ስለ ሰው ችሎታ የምንጽፈው ሁሉ በወረቀት ላይ ይውላል፤ ወረቀቱም የያዘውን ስለማይለቅ የአንድ ቀን ዝምታ የዕድሜ ልክ ስም ሊሆን ይችላል። እኛ ዛሬም እናርማለን፤ የወደቀውንም ወድቋል እንላለን፤ ይህን አለማለት ማታለል ይሆናልና። ነገር ግን ብዕራችን ስለ ሰው አእምሮ ሊፈርድ በተነሣ ቁጥር የአዲሎውን ሽማግሌ ድምፅ እንሰማና ከምንጽፈው ቃል አጠገብ አንዲት ቃል እንጨምራለን፤ «ገና» የምትለውን።